ልጅ የምንሰበስብበት ቦታ ሁሉ፡ ታዳጊዎቻችን ላይ ጥቃት እንዳይደርስ ምን እናድርግ

ክረምት ሲመጣ ደሴ ላይ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ጭንቀቱ አንድ ነው፣ ትምርት ተዘጋ፣ ልጁ የት ይዋል። አንዱ ቱቶሪያል ይገባል፣ አንዱ ኳስ ይሰለጥናል፣ አንዷ ሰንበት ትምርት ቤት መዝሙር ታጠናለች፣ አንዷ መድረሳ ትቀራለች፣ ሌላው ቴኳንዶ፣ ኪነት፣ ወጣት ማዕከል ኮምፒውተር፣ የበጎ ፈቃድ ችግኝ ተከላ ምናምን። ኮምቦልቻም ወልድያም ሐይቅም መርሳም ያው ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ከሚውሉ ሺ ጊዜ ይሻላል። ግን ልጅ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ልጅ የሚፈልግ መጥፎ ሰውም ይመጣል። ይሄን ጮክ ብሎ የሚናገር ስለሌለ እኔ ልናገረው።

የሰፈር ልጆች ኳስና ጥናት ላይ ለብዙ ዓመት በበጎ ፈቃድ ሰርቻለሁ። አንድ ልጅ ነበረን፣ 14 ዓመቱ፣ ሜዳ ላይ ሁሌ ቀድሞ የሚደርስ፣ ኳስ የሚነፋ፣ ኮን የሚደረድር። የሆነ ሰሞን ማርፈድ ጀመረ። ይመጣና ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩ ጋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። "ምነው አመመህ እንዴ?" አልኩት፣ "አይ ጋሼ ደና ነኝ" አለኝ፣ በቃ አለፍኩት። ያኔ አብሮን የሚሰራ ረዳት አሰልጣኝ ነበር፣ ሁላችንም የምንወደው፣ ልጆቹ የሚሞቱለት፣ ታኬታ የሚገዛላቸው፣ ሲመሽ በሞተር ቤታቸው የሚያደርሳቸው። ከወራት በኋላ የልጁ እናት እያለቀሱ መጥተው ሲነግሩን ነው ሁሉም ነገር የገባን። ሞተሩም ታኬታውም የጫማው ክርም አይናችን ስር ነበር። "እሱማ ወንድማችን ነው" ብለን ምንም ደንብ ሳናወጣ ነበር ያን ሁሉ ልጅ የሰበሰብነው፣ እና ያ ልጅ እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ከዛ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፣ የሰው ፊት አይቶ ደጉን ከክፉው መለየት አይቻልም፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ የሚጎዳው በማያውቀው ሰው ሳይሆን በሚያውቀውና ቤተሰቡ በሚያምነው ሰው ነው። ስለዚ ማን ነው መጥፎው እያላችሁ ሰው ስትጠረጥሩ አትዋሉ። ልጅና አዋቂ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ቀዳዳ ፈልጋችሁ ድፈኑ፣ ደንቡ ደሞ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ለኡስታዙም፣ ለቄሱም፣ ለአሰልጣኙም፣ ለኔም። ደንብ ለሁሉም ሲሆን ማንም አይከፋም፣ "ተጠረጠርኩ" የሚል ሰው አይኖርም። ደንቡን እንቢ የሚል ሰው ከመጣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ቀዳዳውን መፈለጊያ

አንድ ወረቀት ውሰዱና ልጁ ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪመለስ ያለውን ነገር በሙሉ ጻፉት። በምን ይመጣል፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል፣ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ልብስ የት ይቀይራሉ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላሉ፣ ማን መጨረሻ ይወጣል፣ ሲመሽ በምን ይመለሳሉ። እያንዳንዷ ጋ ስትደርሱ "እዚ ጋ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን ሊሆኑ ይችላሉ ወይ?" በሉ። ይሄን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትስሩት፣ ቦታው ላይ እየዞራችሁ፣ የሚቻል ከሆነ ሁለት ታዳጊዎች ይዛችሁ፣ እነሱ የምታልፏትን ጥግ ያውቋታል።

እኛ እንደዛ ስንዞር ትንሿ ስቶር ጋ ደረስን፣ ኳስና ማልያ የምናስቀምጥባት፣ የቆርቆሮ በር ያላት። አንዷ ልጅ "ይሄ ከውስጥ ይቀረቀራል ኮ" አለች። በየቀኑ የምንገባባት ክፍል ናት፣ አንዳችንም አስተውለነው አናውቅም። መቀርቀሪያውን በዛው ቀን ነቀልነው፣ በሩ ላይ ደሞ ከፍ አድርገን ትንሽ መስታወት አስገባን። 200 ብር እንኳን አልፈጀም።

የጥናት ክፍል ከሆነ በሩ ክፍት ይሁን። ብርድ ነው አትበሉ፣ የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ጋቢ ይልበሱ። አንድ ልጅ ለብቻ ማስጠናት ካስፈለገ ሌላ ሰው በሚያያችሁ ቦታ፣ በረንዳ ላይ ወይ ሌሎች ባሉበት ክፍል ጥግ ይሁን። ሁሌም ሁለት አዋቂ ይኑር፣ ሁለተኛው ከቀረ ፕሮግራሙ ይሰረዝ ወይ አንድ ወላጅ ተደውሎ ይጠራ። ሁለቱ አዋቂዎች ባልና ሚስት ወይ ወንድማማች ባይሆኑ ይመረጣል፣ ለምን ቢባል ዘመድ ዘመዱን ያጋልጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ልብስ ሲቀይሩ አዋቂ አይገባም፣ ውጪ በር ላይ ይቆማል። ሴቶቹን ማልያ የሚለካ ሰው ሴት ትሁን፣ "ማሳጅ ላድርግልህ" የሚባል ነገር ደሞ ጨርሶ አይኖርም፣ የተጎዳ ልጅ ካለ ሁሉም እያየ ሜዳው ላይ ይታይ፣ ካልሆነ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሰላምታን በተመለከተ፣ እኛ ወሎዬዎች ስንገናኝ እንተቃቀፋለን እንሳሳማለን፣ ይሄ ይጥፋ አላልኩም። ግን ልጁ እጁን ብቻ ከዘረጋ እጁን ጨብጡ፣ አትጎትቱት። "ሳሚው እንጂ፣ ምን ያኮራሻል" አትበሏት። ልጅ ሰውነቱ ላይ እሺም እምቢም ማለት እንደሚችል የሚማረው ከዚች ትንሽ ነገር ነው።

መንገድና አዳር

ይሄኛው ላይ ረዘም ልበል ምክንያቱም ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚ ጋ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ጭልም ይላል፣ ስለዚ ልምምዱንም ጥናቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ፣ 10 ሰዓት ከጨረሳችሁ ማንም ማንንም ማድረስ አይጠበቅበትም። ልጆቹን በሰፈር በሰፈር መድቧቸው፣ የሸዋ በር ልጆች አንድ ላይ፣ የሰኞ ገበያ አንድ ላይ፣ የጢጣ አንድ ላይ። ባጃጅ ኮንትራት ካለ ወላጆች ሹፌሩን ይወቁት፣ ታርጋና ስልኩ ይያዝ። መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ማን ነው የምትለዋን ጥያቄ ደሞ አትርሱ፣ አራት ልጅ አብሮ ይሳፈራል ግን መጨረሻ ላይ አንዱ ብቻውን ከሹፌሩ ጋ ይቀራል። ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች አብረው የሚወርዱበት መስመር አውጡ፣ ካልተቻለ የመጨረሻውን ልጅ ቤተሰቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበለው። አሰልጣኝ በግል ሞተሩ ወይ መኪናው አንድ ልጅ ብቻውን አይጭንም፣ በቃ፣ ዝናብም ቢሆን። ዝናብ ከሆነ ሁሉም አብሮ ይጠብቃል።

ኮምቦልቻ ግጥሚያ ኖሮ ደርሶ መልስ ከሆነ ቀላል ነው። አዳር ሲሆን ነው ከባዱ። ባሕር ዳር ውድድር፣ ላሊበላ ለገና፣ ግሸን ለመስከረም 21፣ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ቤተሰብም "ከቤተክርስቲያን ልጆች ጋ ነው፣ ከመድረሳ ልጆች ጋ ነው" ብሎ አይጠይቅም። ጠይቁ። የት ነው የሚያድሩት፣ ስንት አዋቂ አብሮ አለ፣ ሴቶች ካሉ ሴት አስተባባሪ አለች ወይ፣ አልጋው እንዴት ነው። "አልጋ አጠረ፣ አንተ እኔ ጋ ተኛ" የምትለዋ አባባል ስንት ልጅ እንዳበላሸች ብነግራችሁ። አዋቂ ከታዳጊ ጋ አንድ አልጋ አይተኛም፣ አንድ ክፍልም ለብቻቸው አያድሩም፣ አልጋ ከጠበበ የሚሄደው ልጅ ይቀነስ። ድንኳን ወይ አዳራሽ ውስጥ በጅምላ ከሆነ አዋቂዎቹ በር በኩል ይተኙ፣ ሴቶችና ወንዶች ይለያዩ፣ ማታ ሽንት የምትወጣ ልጅ ጓደኛዋን ቀስቅሳ ትውጣ፣ ባትሪ ይኑር። ልጁም በቀን አንዴ ቤቱ የሚደውልበት ስልክ ይሰጠው፣ ሲያወራ ደሞ አጠገቡ ቆማችሁ አትስሙ።

ቤት ተከራይተው የሚማሩት

ከኩታበር፣ ከወግዲ፣ ከደላንታ ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ለሶስት ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ፣ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ ስንቃቸው በገበያ ቀን በሰው እጅ ይላካል። 15፣ 16 ዓመታቸው ነው። እናት የለ አባት የለ፣ ማታ የት ገባህ የሚላቸው የለም። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው፣ መጠለያ ውስጥ የቆዩ ልጆችም እንደዛው ናቸው። "እኔ ጋ እየመጣሽ ብዪ፣ የቤት ኪራይሽን እኔ እችለዋለሁ" የሚል ሰው የሚፈልገው እነዚን ነው፣ ስለራባቸው፣ ስለጨነቃቸው፣ ለማን እንደሚናገሩ ስለማያውቁ።

ፕሮግራማችሁ ውስጥ እንደዚ አይነት ልጆች ካሉ ስም ዝርዝራቸውን ለይታችሁ ያዙ፣ ለእያንዳንዳቸው ከፕሮግራሙ ውጪ የሆነች አንድ የሰፈር እናት ፈልጉላቸው፣ አከራያቸው ልትሆን ትችላለች፣ የቡና ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፣ በሳምንት አንዴ ቡና ላይ ጠርታ "እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ" የምትል። የገጠር ወላጅም በገበያ ቀን ሲመጣ አስር ደቂቃ አናግሩት፣ ስልኩን ያዙ። እርዳታ ካለ፣ ደብተርም ዘይትም ብርም ይሁን፣ በኮሚቴ ፊት ስም እየተጠራ ይሰጥ፣ አንድ ሰው በኪሱ ይዞ ለብቻ ጠርቶ የሚሰጠው ነገር አይኑር። ታኬታም፣ የሞባይል ካርድም፣ የትራንስፖርትም እንደዛው። ለልጅ የሆነ ነገር መስጠት የፈለገ ሰው ለፕሮግራሙ ይስጥ፣ ፕሮግራሙ ያከፋፍል። የሰጪውም ዋጋ አላህ ዘንድ አይጎድልበትም።

ሰው ስታስገቡ

በበጎ ፈቃድ ላገልግል ብሎ ሰው ሲመጣ ደስ ስለሚለን ወዲያው "ና ግባ" እንላለን። ቀስ በሉ። መታወቂያ፣ አድራሻ፣ በፊት ከልጆች ጋ የት ሰርቶ እንደነበር፣ ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ስልክ። ስልኩን ወስዶ ማስቀመጥ ሳይሆን ደውሉ፣ "ልጅህን ከሱ ጋ ብቻውን ትተዋለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ዝም ካለ ዝምታውን ስሙት። ከወንጀል ነጻ ነው የሚል የፖሊስ አሻራ ማስረጃም ያምጣ፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ አሻራ የሚያሳየው የተያዘን ሰው ነው። ከሌላ ከተማ ድንገት ለቆ የመጣ ከሆነ ለምን እንደለቀቀ የነበረበት ቦታ ራሱ ይጠየቅ። በፊት የነበረበት ቦታ "ስሙን እንዳናጠፋ" ብሎ ዝም ብሎ የሸኘው ሰው እናንተ ጋ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሶስት ወር ከነባር ሰው ጋ ብቻ ይስራ። ደንቡን አንብቦ ይፈርም፣ ኮፒው በር ላይ ይለጠፍ፣ ወላጅም ልጅም የሚያነበው ቦታ።

ትልልቆቹ ታዳጊዎችም ትንንሾቹን ሊጎዱ እንደሚችሉ አትርሱ። የ17 ዓመቱን ልጅ የ12 ዓመቶቹ አለቃ አድርጋችሁ ቁልፍ ሰጥታችሁ አትሂዱ።

ስልክ

ቴሌግራም ላይ አሰልጣኙ ለብቻው ለልጅ አይጽፍም። አንድ ግሩፕ ይከፈት፣ ሁለት አዋቂና የወላጅ ተወካይ ይግቡበት፣ መልክቱ ሁሉ እዛ ላይ። ልጅ በግል ከጻፈ መልሱ ግሩፑ ላይ ይመለስ፣ የግል ጉዳይ ከሆነ በአካል ሰው በሚያያችሁ ቦታ። ማታ 4 ሰዓት ላይ "ተኛሽ?" የሚል መልክት ከኳስ ጋ ምንም አያገናኘውም። ልጆቻችሁን ይሄን አስተምሯቸው፣ ፎቶ ላኪ የሚል፣ ቻቱን አጥፊው የሚል፣ ለናትሽ እንዳትነግሪ የሚል ሰው ማንም ይሁን ማን ለሰው መነገር አለበት። ፎቶ ልካ ከሆነና አሁን እያስፈራራት ከሆነ አትቆጧት፣ ብር አትክፈሉ፣ ቻቱን አታጥፉ፣ ፎቶውን ደሞ ለማስረዳት ብላችሁ ለማንም ፎርዋርድ አታድርጉ፣ ስልኩን እንዳለ ለፖሊስ አሳዩ።

ለልጆቹ እንዴት ይነገር

ነውር ነው ብለን ነው የምናልፈው። እኔም መጀመሪያ ቀን ስናገር ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ግን ልጁ ስም ያልሰጠነውን ነገር በምን ቃል ይናገር? ስለዚ በግልጽ፣ ወንዶቹንም ሴቶቹንም አብራችሁ ከዛ ደሞ ለየብቻ፣ እንዲህ በሏቸው፣ ሰውነትህ ያንተ ነው፣ የተሸፈነ ቦታህን ማንም አይነካም፣ የሱንም ንካ አይልህም፣ የዚህ አይነት ፊልም አያሳይህም። ሚስጥር ያዝ የሚልህ አዋቂ ካለ እሱ ሚስጥር አይያዝም። ከሆነብህ ደሞ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ታኬታ ተቀብለህም ቢሆን፣ ዝም ብለህም ቢሆን፣ አመት አልፎትም ቢሆን፣ ተናገር እናምንሃለን።

ይሄን የምታስተምረው አንዷ ሴት ብትሆን ለሴቶቹ ይቀላል። ለወንዶቹ ደሞ አደራ፣ "ወንድ ልጅ ምን ይሆናል" የሚባለውን አስተሳሰብ አውጡት። ወንድ ልጅ ይደፈራል፣ ብዙዎቹ ሳይናገሩት ነው የሚኖሩት፣ እንደ ሴት ተቆጠርኩ ብለው ስለሚያፍሩ።

የሚነገራቸውን ሰዎችም አሳውቋቸው፣ ሁለት ሰው ከውስጥ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ አንድ ሰው ደሞ ከውጪ፣ ከፕሮግራሙ ጋ ጥቅም የሌላት፣ ነርስ ወይ መምህርት። ስልካቸው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የጥቆማ ሳጥን ማስቀመጥ ጥሩ ነው ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ፣ ሁሉም እያየው ሳጥን ጋ ሄዶ ወረቀት የሚከት ልጅ የለም።

ልጁ ሲነግራችሁ

ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይናገሩም። "ጋሼ ጓደኛዬ አንድ ነገር ሆኗል" ይላሉ፣ ወይ "ፕሮግራሙን ልተወው ነው"፣ ወይ "ያ ሰውዬ ካለ አልሄድም"። እዚ ጋ ቁሙ። ስራ ካለባችሁ ተዉት። ሰው በሚያያችሁ ግን በማይሰማችሁ ቦታ ቁጭ በሉ፣ ከልጁ ቁመት ዝቅ ብላችሁ። አብሽሪ በሏት፣ አብሽር በሉት፣ እኛ ሀገር ይቺ ቃል ብዙ ትሰራለች። "ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ፣ አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።" ከዛ ዝም በሉና ስሙ።

ለምን አልጮህሽም፣ ለምን ሄድሽ፣ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ፣ እነዚን ሶስቱን ከአፋችሁ አታውጡ። ፖሊስ አትሁኑ፣ ዝርዝሩን አትጠይቁ፣ "እዚ ጋ ነካሽ?" እያላችሁም መልሱን አፏ ውስጥ አትክተቱ፣ "ከዛስ" ማለት ይበቃል። ልጅ አምስት ሰው ፊት አምስቴ ደጋግሞ ሲያወራ እያንዳንዱ እንደ አዲስ ጉዳት ነው። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁም ቃል አትግቡ፣ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚ ጋ ነው። "አንቺን ለመጠበቅ ለሚያግዙን ሰዎች መንገር አለብኝ፣ ለማን እንደምነግር ግን መጀመሪያ ላንቺ እነግርሻለሁ" በሉ። እንደሄደች ቁጭ ብላችሁ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፉ፣ ቀንና ሰዓት አድርጉ፣ ሀሳባችሁን አትቀላቅሉ።

የተጠረጠረውን ሰው ጠርታችሁ "እውነት ነው ወይ" አትበሉት። የጠራችሁት ቀን ልጁን ያስፈራራዋል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ወይ ከከተማ ይጠፋል። ከልጆች ጋ የሚገናኝበትን ስራ በዛው ቀን አስቁሙት፣ "ጉዳይ እስኪጣራ" ብቻ በሉ። ወላጅ ይነገር፣ ጥርጣሬው ቤት ውስጥ ባለ ሰው ላይ ካልሆነ በቀር። ከዛ በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ የሚይዙ ፖሊሶች አሉ፣ እነሱን ጠይቁ፣ የወረዳው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽህፈት ቤትም ይወቅ።

ነገሩ የቅርብ ጊዜ ከሆነ ግን ሁሉንም ትታችሁ መጀመሪያ ሆስፒታል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ይሰራል ግን እሱም ቶሎ ሲወሰድ ነው ጥሩ የሚሆነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ትሂድ፣ ቀይራ ከሆነ የነበረውን ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙላት፣ በላስቲክ ከሆነ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። እናቷ ወይ የምታምናት ሰው አብራት ትሁን። ታጥባም ቢሆን፣ ሳምንት አልፎም ቢሆን ሆስፒታል መሄዱ ይጠቅማታል፣ ረፍዷል ብላችሁ አትተዉት።

ሽምግልና የሚባለው

እኔ ሽምግልና የማከብር ሰው ነኝ። ቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈር እድራችን፣ ስንት ቤተሰብ አስታርቋል፣ በኛ ሀገር ሼኹና ቄሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ደም አድርቀዋል። ግን ይሄ የሚታረቁበት ነገር አይደለም። የተጣላ ሰው የለም፣ የተጎዳ ልጅ ነው ያለው። "የልጅቷ ስም ይጠፋል፣ ገመናዋ ይሸፈን፣ ካሳ ይክፈል፣ አለዚያም ያግባት" የሚል ሽማግሌ ሲመጣ ማክበራችሁን ሳትተዉ "አባባ፣ ይሄ እኛ እጅ ላይ የለም" በሏቸው። እውነትም የለም። በ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበር፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን አስቀርቶታል።

"እሷም ፈቅዳ ነው" ለሚሉም መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣዋል፣ ጉልበት መጠቀሙን አይጠይቅም። ልጅቷ ተማሪው ወይ በአደራ የተሰጠችው ከሆነች ደሞ ከ5 እስከ 20 ይሆናል፣ አሰልጣኝም አስጠኚም እዚ ውስጥ ነው የሚገባው። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይላል። በወንድ ልጆች ላይ በወንድ የሚፈጸመውን አንቀጽ 631 ይዞታል። ይሄን ቁጥር ደንባችሁ ላይ ጻፉት፣ በር ላይ ይለጠፍ።

ለወላጆች

ልጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ሳትነግሯቸው ሂዱና ከኋላ ተቀመጡ። ወላጅ መግባት አይቻልም የሚል ቦታ ልጅ አይሰጥም፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢከበር። ደንባችሁን አሳዩኝ በሉ፣ ግራ ከተጋቡ አብራችሁ ጻፉ። ቤት ስትገቡ ደሞ ማታ ራት ላይ "ዛሬ ምን ተማርክ" ብቻ አትበሉ፣ "ዛሬ ደስ ያላለህ ነገር ነበር? ማን አደረሰህ? ከማን ጋ ቆየህ?" በሉ፣ ሲመልስም ስልክ አትዩ።

የሚወደውን ነገር ድንገት ከጠላ፣ ያልገዛችሁለት ጫማ ወይ ስልክ ካመጣ፣ አንድ ሰው ስሙ ሲነሳ ከደነገጠ ወይ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ማርኩ ከወረደ፣ ልብሱን ደብቆ ካጠበ፣ ይሄ ሁሉ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን ጠይቁ። አንዴ "ደና ነኝ" ካለ ነገም ጠይቁ። እኔ አንዴ ጠይቄ ነው የተውኩት።

ያ ልጅ በኋላ ተመለሰ። ሰፈሩ ስላወራ መጀመሪያ ቀን ሜዳ ሲመጣ ሁሉም ዝም ብሎ አየው፣ እሱም በሩ ጋ ቆመ። ለልጆቹ ቀድመን ነግረናቸው ነበር፣ አትጠይቁት፣ አትዘኑለት፣ እንደበፊቱ ሁኑ ብቻ። አንዱ ጓደኛው ኮኖቹን አንስቶ ወደሱ ሄደና "አንተ ና ደርድር፣ እኔ ስደረድራቸው ይጣመማሉ" አለው። ቦርሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና ሄደ።